ወለተ ሩፋኤል እኔ ነኝ

እሑድ፣ ኦክቶበር 6

ከቅዳሴ በኋላ ነው የሆነው። ቀሲስ ለይኩን እንደ ሁልጊዜው ማስታወቂያ እያነበቡ ነበር። የጉባኤ ሰዓት ተቀይሯል፣ የጎረቤት በር ላይ ፓርክ አታድርጉ… ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «በካንሰር ለታመመችው ታናሽ እኅታችን፣ ለወለተ ሩፋኤል፣ ሦስት ጊዜ እግዚኦ በሉ» አሉ።

አልኩ። እኔም ከሰው ጋር አልኩ። አንድ። ሁለት። ሁለተኛው ላይ የሴቶቹ ዓይን ወደ መቅደሱ እንዳልሆነ አየሁ። እኔ ላይ ነው። እትዬ ተናኘወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች።

ሦስተኛውን አልጨረስኩም። ወለተ ሩፋኤል የክርስትና ስሜ ነው። ስቆርብ ካልሆነ አልሰማውም። ሌላ ጊዜ ገሊላ ነኝ… ለዚህ ነው የዘገየሁት።

ሆስፒታሉ ለእማዬ የደወለው ዓርብ ነው። ከሰመር እረፍት ጀምሮ «ደም ማነስ ነው» ስንባል ከርመን፣ የመቅኔዬ ምርመራ ውጤት ወጣ። እሷ ለነፍስ አባቷ፣ ለቀሲስ፣ ነገረች። ቀሲስ የማውቅ መስሏቸው ነው። ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች በሙሉ ያውቃሉ። መኪና የሚያስተናብረው ጋሼ አድማሱ ሳይቀር ያውቃል። ጠዋት ግንባሬን ለምን እንደሳመኝ አሁን ገባኝ።

መኪና ውስጥ እማዬ፣ «ማክሰኞ ዶክተሯ ራሷ ትነግርሽ ነበር» አለች።

«አንቺስ መቼ ልትነግሪኝ ነበር?»

 መብራቱ አረንጓዴ ሆኖም አልነዳችም። ከኋላችን ጡሩምባ።

የአባዬንም ሞት ሰፈሩ ሁሉ ካወቀ በኋላ ነው የነገሩኝ። እንዳትደነግጥ ብለው። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ አዲስ አበባ። አሁን አሥራ ሰባት ነኝ፣ ሎስ አንጀለስ። እንዴት ያው ነገር?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8

ዌስትውድ፣ ሆስፒታሉ። ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እማዬ አዙራ ልትጀምር ስትል «በሽተኛዋ እኔ ነኝ» አልኳት። ፈገግ ብላ ወንበሩን አዞረች። ወደድኳት።

መቅኔዬ ደህና ደም መሥራት አቁሟል። የደም ካንሰር ነው፤ ለጊዜው ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት። ዝም ከተባለ ግን መሮጥ ይጀምራል። መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፣ የሌላ ሰው መቅኔ ያስፈልገኛል። ወንድምና እህት የለኝም። የእማዬ በግማሽ ይገጥማል። ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ሰው ቢገኝ ይመረጣል፤ ችግሩ የለጋሾች መዝገብ ላይ እንደኛ ዓይነት ሰው ጥቂት ነው። ለመመዝገብ የሚያስፈልገው ጉንጭን ከውስጥ በጥጥ መጥረግ ብቻ! ከአሥራ ስምንት እስከ አርባ ዓመት።

እንግዲያው የሚሠራ ነገር አለ ማለት ነው። ጥያቄ በጥያቄ አደረግኳት። ዶክተሯ እየሳቀች ሕክምና መማር እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ሕግ ነው የምማረው አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ በስልክ «ያ ነገር» እያለች ታወራለች። ካንሰር አትልም። እኔ ስለው ይቀለኛል። ካንሰር። ካንሰር።

ፈርቻለሁ? አዎ። ግን ሌላም አለ… ሩጫ ሊጀመር ሲል ያለው ዓይነት። እግሬ አልቀመጥ አለኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 13

ሁለት ሳህን አሸክመው የቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት አስቀመጡኝ። ከግድግዳው ማዶ ስለ እኔ ስብሰባ።

ሁሉም ይሰማል። ማን ሆስፒታል እንደሚያደርሰኝ፣ ማን ምግብ እንደሚያመጣ። ጋሼ አድማሱ «ሰኞና ረቡዕ የእኔ ናቸው፣ ማንም እንዳይነካብኝ» ይላል። እትዬ ተናኘወርቅ፣ ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ያላት፣ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ፣ ሾርባውን በሙሉ ለራሷ ወሰደች። ጥሩ ሰዎች ናቸው። እሱ ነው የሚያናድደኝ።

የሚመጣው እሑድ በአዳራሹ የጥጥ ምዝገባ ይደረጋል። እዚህ ድረስ ልቤ ዘለለ። ከዚያ… ስሟ አይጠራም፣ ፎቶዋ አይለጠፍም ተባለ። «ነገ ድና ትዳር ስታስብ ይሄ ወሬ ይከተላታል» አለች እትዬ።

በሩን ከፈትኩት። «እትዬ፣ መጀመሪያ በሕይወት ልቆይ። ባሉን ቀስ ብለን እንፈልገዋለን።»

ጋሼ አድማሱ ሳቁን ሳል አስመሰለው። ሌላው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እማዬ ግን ቀና ብላ «ልጄ ናት። ስሟ አይጠራም» አለች። ቀሲስም የእናት ቃል ነው ብለው በጸሎት ዘጉት።

እሑድ፣ ኦክቶበር 20

ከሸፈ።

ማስታወቂያው «ለአንዲት እኅታችን መቅኔ ያስፈልጋል» ይላል። ለማን? ምን ይደረጋል? የሚነግር የለም። ስለዚህ ሰው የመሰለውን ሞላበት። ወጣቶቹ አጥንት የሚሰበር መስሏቸው በጎን በር ወጡ። የቀሩት ትልልቆቹ ናቸው፣ እነሱም እንደ ጸበል ቆጥረውት እህል ሳይቀምሱ እስከ ከሰዓት ተሰለፉ። አንዲት እናት አዙሯቸው ወንበር ላይ ተደገፉ። ለጉንጭ ጥጥ!

መታወቂያ ሲጠየቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ከእኛ ሰው ስንቱ ሁለት ዕድሜ አለው፣ የወረቀትና የእናቱ። አንዱ በወረቀት አርባ ሦስት፣ እናቱ የምታውቀው ሠላሳ ስድስት። የቱን ልበል ብሎ ቀሲስን ሊያማክር ሄደ። ጋሼ አድማሱ ስልሳ አምስት ሞልቶታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰባት ይቀነስልኝ ብሎ ተከራከረ።

«ቢቀነስም ሃምሳ ስምንት ነው፣ ጋሼ።»

«አንቺ ደግሞ ሒሳብ ማን ተማሪ አለሽ?»

ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን… የተመዘገበው ሰው አንድ ቫን አይሞላም። ስሜን ደብቀው ሰው ሊፈልጉልኝ። ማን ለማይታወቅ ሰው አፉን ይከፍታል?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 23

ደም ተሰጠኝ። ስወጣ ሁለት በርገር በላሁ። ጋሼ አድማሱ የራሱን ድንች ጨመረልኝ። ማን ነው የሰጠኝ? የማላውቀው ሰው እኔ ውስጥ እየዞረ ነው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 27

 ደስ ብሎኛል… የሆነ የደስታ ዓይነት።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ምሳ እየበላ ሳለ ቀሲስን ማይክራፎኑን ጠየቅኳቸው። እናትሽ ፈቅዳለች ወይ አሉኝ። አልፈቀደችም አልኩ። ከዚያ፣ ሳላዘጋጀው፣

«አባ፣ እኔ ሳላውቅ ስሜን ጠርተውታል። አሁን እያወቅኩ እኔ ልጥራው።»

ማይክራፎኑን ሰጡኝ።

«ወለተ ሩፋኤል እኔ ነኝ» አልኩ። «ገሊላ፣ የየሺሃረግ ልጅ። የያዘኝ ካንሰር ነው። ቃሉን ብትጠሩት አይጋባም። ጥጡ አያምም፣ ምሳችሁን በልታችሁ ኑ። ብትገጥሙ ደግሞ አጥንት የሚሰብር የለም። አርባ ያለፋችሁ ልጆቻችሁን አምጡልኝ። ቤተ ክርስቲያን መምጣት የተዉትንም። በተለይ የተዉትን።»

 ከዚያ አንዲት ሴት «የእኔ ሁለቱ ዌስት አዳምስ ነው የሚኖሩት፣ አሁን እደውላለሁ» አለች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ስልክ ላይ ሆነ።

እማዬ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ጓደኛዬ ፍናን ቀርጻኝ ኖሯል። «ልልቀቀው?» አለች። ልቀቂው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 31

እማዬ አታናግረኝም። ምሳዬን ግን ትቋጥርልኛለች። ቪዲዮው ዲሲ ደርሷል። አክስትሽ ነኝ የሚሉ አራት ሴቶች ደወሉ። አክስት የለኝም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 3

ፌርፋክስ! ከየት ልጀምር…

እትዬ ተናኘወርቅ ትናንት መጥታ «ስለ ትዳሩ ያልኩትን ተዪው» አለች። ይቅርታ መሆኑ ነው። የምግብ ቤቷን ደጅ ሰጠችን። ጠረጴዛዎቹን አወጣን፣ ፎቶዬን በትልቁ ለጠፍን፣ ስሜን ከሥሩ። ሁለቱንም ስሜን።

ሰልፉ ጥጉን ዞረ። ሾፌሮቹ የሃዛርድ መብራት እያበሩ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ይቆማሉ፣ ወርደው ጉንጫቸውን ይጠርጋሉ፣ ይሄዳሉ። ጋሼ አድማሱ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ «ተጠርገሃል? እንግዲያው ቦታ ልቀቅ» እያለ ያስተናብራል። ሙስሊሞቹ ልጆች ተያይዘው መጡ። የጴንጤዎቹ መዘምራን ከፕሮግራም በቀጥታ ከነዩኒፎርማቸው። ኤርትራዊው ፀጉር አስተካካይ ሱቁን ዘግቶ ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨ ደንበኛውን ይዞት መጣ። «ሸሽቶ እንዳይሄድብኝ ነው ግማሽ ያደረግኩት» ይላል። ደንበኛው ራሱ እየሳቀ ነው።

እኔ ፖስታ አሽጋለሁ። ሰው ስሜን እየጠራ ያልፋል። ድካሜ የት ሄደ?

ወደ ማታ ገደማ እማዬን አየኋት። ከሥራ መምጣቷ ነው፣ የአስታማሚ ልብሷን እንደለበሰች፣ ከመንገዱ ማዶ። ብዙ ቆመች። ከዚያ ተሻገረች። ጠረጴዛው ፊት አንድ ጎረምሳ ጥጡን ይዞ ያመነታል፣ ምን ያደርግልኛል፣ ማን ናት እያለ ጓደኛውን ይጠይቃል። እማዬ ከጎኑ ቆመች።

«የእኔ ልጅ ናት» አለችው። «ካንሰር ነው ያለባት። አፍህን ክፈት።»

ከፈተ።

አለችው። ቃሉን አለችው። ፖስታው ከእጄ ወደቀ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

አሥራ ስምንት ሞላኝ። ዌስትውድ ሄጄ ለራሴ ራሴ ፈረምኩ። ዶክተሯ ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ የምትደውለው ለእኔ እንደሆነ፣ እኔ ካልፈቀድኩ ለእናቴ እንኳ እንደማትነግር አስረዳች። እማዬ ከጎኔ ሆና ቦርሳዋን ጠበቅ አደረገች።  ከዚያ ኬክ። ፍናን ፊቴን በክሬም ቀባችው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21

ስልኩ የመጣው እትዬ ተናኘወርቅ መኪና ውስጥ ሳለን ነው፣ ፒኮ መንገድ ላይ። ተራው የእሷ ነበር። ዶክተሯ ናት። ከመዝገቡ ሙሉ የሚገጥመኝ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ደሜ ደግሞ መጠበቅ አይችልም። የእማዬን በግማሽ የሚገጥም መቅኔ ይዘን እንሄዳለን፣ ዛሬ ዛሬ እንዲህ ተደርጎላቸው የሚድኑ ብዙ ናቸው። ዲሴምበር 2 እገባለሁ።

ስዘጋው እትዬ መኪናውን ዳር አስያዘች። ሁሉንም ሰምታለች። «ለእናትሽ ዛሬ እንዳትነግሪያት» አለችኝ። «ሥራ ላይ ናት። ትግባ፣ ትብላ፣ ትተኛ። ነገ ሁላችንም ሰብሰብ ብለን መጥተን እንነግራታለን።»

ለአንድ አፍታ… ጣመኝ። አንድ ሌሊት ትተኛ ማለት። ሆስፒታሉ የደወለላት የእማዬ ዓርብ ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ክፋት አልነበረም። ግን ልክም አልነበረም፤ ሁለቱም እውነት ነው።

«ወደ ሥራዋ ንጂኝ» አልኩ።

እያጉረመረመች ነዳች።

የምትንከባከባቸው አሮጊት ቤት በር ላይ ነገርኳት። እንዳለ፣ ሳልጠቀልል። ሙሉ አልተገኘም፣ አንቺን ነው የሚወስዱት፣ ዲሴምበር 2። አላለቀሰችም። እጇን በልብሷ ጠረገች።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«እትዬ፣ መኪና ውስጥ ስለነበረች። ከዚያ አንቺ።»

ወደ መኪናው አየች። እትዬ ተናኘወርቅ ፊቷን ወደ ማዶ አዞረች። እማዬ ሳቀች፣ ከኦክቶበር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ለምን ግማሽ ብቻ ገጠምኩ?» አለች። ሌላው ግማሽ የአባዬ ስለሆነ ነው አልኳት። እሱማ ሁልጊዜ ግትር ነበር አለች።

ልቤ አሁንም ይዘላል። አሥራ አንድ ቀን። የሆስፒታሉን በር በርግጄ ነው የምገባው።

ከእንግዲህ የማልቀበለውን ልጻፈው። «እንዳትደነግጥ» ተብሎ ከእኔ የሚደበቅ ነገር አልቀበልም። ልደንግጥ፤ ድንጋጤውም የራሴ ነው። ለማንም ብዬም አልደብቅም። እኔ እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ እማዬን «እንዴት ናት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ መልስ አያገኝም።

አለሁ። እኔን ጠይቁኝ።