ለአንድ ጥንድ ጓንት የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የቤት እንስሳት ጤና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ የቤት እንቅልፍዎም እንደ ቢሮው እንቅልፍዎ የሰመረ ይሁንልዎ እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

እርስዎን ከማንሣቴ በፊት የራሴን ጉድ ላውጣ። ባለቤቴ ሁለት እባቦች ስታሳድግ እኔም እወዳቸዋለሁ እያልኩ ሸነገልኳት፤ ለጸሎት በተንበረከክሁ ቁጥር ግን እንዲሞቱልኝ ፈጣሪዬን እለምን ነበር። እሷ «አደራህን» ብላኝ ካረፈች ወዲህ በቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ እነሱ ብቻ ሆኑና፣ ልቤ ሳላውቀው ተጠመጠመባቸው። ይህን መናገሬ፣ ፈጣሪ በምሕረቱ ችላ ያለውን ልመናዬን ጽሕፈት ቤትዎ ተቀብሎ ስለፈጸመልኝ ነው። ስለዚህም አመሰግናለሁ፦

1. አዲስ የመጣ እባብ ከሌሎቹ ተለይቶ ሦስት ወር ይቆይ፣ ኩሱም ተደጋግሞ ይመርመር የሚለውን ደንብ ያወጡት እርስዎ ነዎት። ደንቡ ራሱ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ከመስተዋት ጀርባ በሚገባ ተለይቶ ስለቆየ፣ እስካሁን ማንም አልነካውም።

2. በየቤቱ ዞረው ሲመረምሩ ያንኑ ጓንትና ያንኑ የእባብ ማንሻ መንጠቆ ይዘው፣ የታመመውን ዳብሰው ጤነኛውን ሲዳብሱ፣ በመሐል አልኮል እንደ ሽቶ ረጨት ማድረግዎን አደንቃለሁ። እባቦችን የሚፈጀው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ በአልኮል እንደማይሞት የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ነግራኛለች፤ እሷ ግን ያላት ትምህርት ብቻ ነው፣ እርስዎ ሹመት አለዎት። «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ይባል ነበር። ካብ አያስፈልግም፤ እርስዎ አሉ።

3. ትልቋ የዋጠችውን አይጥ መልሳ መትፋት ስትጀምር፣ ወገቧ እንደ ቋጠሮ አብጦ ሌላው አካሏ እንደ ገመድ ሲሰልል፣ መጥቼ ደጅ ጠናሁ። እርስዎም «አባባ፣ ሚስት ቀብረው ደግሞ ለእባብ ያለቅሳሉ እንዴ? ጾም ይዛ ይሆናላ!» ብለው ጸሐፊዎን በእኔ አሳቋት። ሲስቁም አየሁዎት፤ ጥርስዎ ከእጅዎ ይልቅ ንጹሕ ነው።

4. ለብቻዋ አኑሬ፣ ደጋግሜ አስመርምሬ ከበሽታው ነጻ የተባለችውን ትንሿንም በዚያው ጓንት «ካልዳበስኩ የማሳደጊያ ፈቃድ አላድስም፣ ትወረሳለች» ብለዋል። ከአደራዬ ጤነኛ ሆና የቀረችኝ እሷ ብቻ መሆኗን ነግሬዎት ስለነበር፣ የት ቢመቱኝ እንደሚያመኝ ለመፈለግ አልደከሙም።

እርስዎን ለታገሠ ፈጣሪ ትዕግሥት እየሰገድኩ፣ ከደጅዎ የማይጠፋው፣ ሚስቱ የሞተችበትና እባቡ እየሞተችበት ያለ ታዛዥዎ።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ትናንት ለምርመራ ቤቴ ሲመጡ፣ ትልቋ በሽታው እንዳለባት፣ መድኃኒትም እንደሌለው ጠዋት ከላቦራቶሪው በስልክ ተነግሮኝ ነበር። ትንሿን መኝታ ክፍሌ ቆልፌባት፣ ትልቋን አቀረብኩልዎ። ዳበሷት። ወደ ጓዳ መለስኳትና ትንሿ ይቺ ናት ብዬ እሷኑ ደግሜ አመጣሁልዎ። አሁንም ዳበሷት፤ «ሁለቱም ጤነኞች ናቸው» ብለውም ፈረሙ። ከዚያ ቤትዎ ያለውን ዘንዶዎን ሊመግቡ እንደቸኮሉ ነገሩኝ። ያ ዘንዶ ምንም አልበደለኝም፤ ፈጣሪም እኔም ይህን እናውቃለን። ጓንቱን ያቃጥሉት የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት። በሩን ከፍቼ፣ በሰላም ይግቡ ብዬ ሸኘሁዎት።