ምስጋና የማይባልበት ዝንጣፊ

ለምወድህ ወንድሜ ለፎልከርት፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የሚነሳብህ የጉልበትህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም በየመርከቡ ሆድ ውስጥ ተንበርክከህ ስትውል ያሠቃይሃል? ሂሜና እንዴት ናት? ልጃችሁ ማይቴስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? አማትህ ዶኛ ሮሳልባ ዓይናቸውን ታከሙ? እናንተ ጋ፣ እዚያ ምድር የሚያልቅበት ቦታ፣ ብርዱ አሁን ቀለል ብሎ ይሆናል፤ እዚህ ሌር ደግሞ ዝናቡ መጥቶ እንደ አማት ተቀምጦብናል። (ይህን ለዶኛ ሮሳልባ አታንብብላቸው።) እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባሌ ትያርክ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሆዱ መግፋቱን አልቀበልም ይላል፣ ቀበቶው ግን ይመሰክርበታል።

ወንድሜ፣ ይህን ወረቀት ያነሳሁት በስልክ ልነግርህ ያቃተኝ ነገር ስላለ ነው። በየእሁዱ ስትደውል መጨረሻ ላይ “ሰማያዊዋስ እንዴት ናት?” ትለኛለህ፣ እኔም “ደህና ናት” እላለሁ። ደህና አልነበረችም። ጁን ላይ ሞታለች። አራት ወር ሙሉ ዋሽቼሃለሁ። አሁን ወንበር ሳብና ተቀመጥ፤ እስከ መጨረሻው ሳታነብ ስልክ እንዳታነሳ። መጨረሻው እንደ መጀመሪያው አይከፋም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሻንጣህን ጭነህ ስትሄድ የዓሣ ገንዳውን ከነውሃው ለኔ ትተህ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳሻሽ አድርጊው፣ እሷን ግን አደራ ብለኸኝ ነበር። አውራ ጣት የምታክል ሆና ሳለች ተቀብለህ የጥቅል ጎመን ያህል ያደረስካት ኮራል ናት፣ አደራነቱ አልጠፋኝም። ትያርክ ሕይወት ያላት የባሕር እንስሳ መሆኗን እያወቀ “ድንጋይ ትቀልቢያለሽ” እያለ ሲያሾፍብኝ ኖሯል፤ እኔ ግን አንድም ቅዳሜ አላጎደልኩም። የካርቦኔቱ ልክ ከስምንት እንዳይወርድ ብለህ መስታወቱ ላይ የለጠፍካት ወረቀት ቀለሟ ደብዝዞ እንኳ እስከ ዛሬ እዚያው አለች።

ጥፋቱ እንዲህ ነው። የመለኪያውን ጠብታ ታውቀዋለህ፤ ከገንዳው የተቀዳው ውሃ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ እስኪለወጥ አንድ ሁለት እያሉ መቁጠር ነው፣ የጠብታው ቁጥር የካርቦኔቱ ልክ ነው። ባለፈው የብርድ ወራት የጠብታው ጠርሙስ ክዳኑ ሳይገጥም ከማሞቂያው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ከርሞ ኖሯል። ፈሳሹ እየተነነ የቀረው ከረረ። የከረረ ጠብታ ደግሞ ጥቂቱ ይበቃል፤ ስድስት ላይ ቀለሙ ሲለወጥብኝ ጎድሏል ብዬ የካርቦኔቱን ዱቄት በጥብጬ ጨመርኩ። ጠብታው ይበልጥ ከሮ ኖሮ በሳምንቱም ስድስት ሆነ። ደግሞ ጨመርኩ። አዲስ ጠርሙስ መግዛት ማን ከለከለሽ በለኝ፤ ያሳደገችን እናት የጥርስ ሳሙናውን ቱቦ በመቀስ ሰንጥቃ የምትጠርግ ሴት አይደለችም እንዴ! ግማሽ ጠርሙስ እያለ አዲስ መግዛት እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ከዚያ ጫፎቿ ነጡ። እኔም ደስ አለኝ። እያደገ ያለ ቅርንጫፍ ጫፉ ነጭ ነው ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ሜይ ላይ በስልክ ጫፏ ሁሉ ነጣ ብዬ ስነግርህ “ጎሽ” ብለኸኛል፣ ታስታውስ እንደሆነ። ለካስ እየተቃጠለች ነበር። ወዲያው ከሥሯ ጀምሮ ቆዳዋ እየተገፈፈ ወደ ላይ ወጣ፣ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ነጭ አጥንት ሆና ቀረች። ዓይኔ እያየ ነው ያለቀችው። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ትያርክ ያን ቀን አላሾፈም፤ ሻይ አፍልቶ አጠገቤ አስቀመጠና፣ ውሃውን ለሚያውቁት ሰዎች ውሰጂላቸው፣ ቢያንስ የቀሩት ይትረፉ አለኝ።

የሚያውቁት ሰዎች ማለት እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ፤ የድሮዎቹ ኮራል አርቢ ጓደኞችህ። የወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ፣ ወደቡ አጠገብ ካለው መጠጥ ቤት ጀርባ ክፍል፣ ሁሉም ውሃውን በማርማላታ ጠርሙስ ይዞ። አንተ ከሄድክ ወዲህ እዚያ ደጃፍ ደርሼ አላውቅም። አንተና ኤኖ በሰው ፊት ከተጣላችሁ በኋላ፣ “አንተ የሰጠኸኝ ኮራል ነው ገንዳዬ ውስጥ ኮራል የሚበላ ትል ያስገባው” ብለህ ካዋረድከው በኋላ፣ እኔም ያንተን ወገን ይዤ ገበያ ላይ ሳገኘው አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ ከማለፍ በቀር አናግሬው አላውቅም። ምን ያህል ደረቆች እንደሆንን አየህ?

ጠርሙሴን ይዤ ስገባ የሚለካው እሱ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ሰው ይለካልኝ ማለት አልቻልኩም። ኤኖ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፣ መነጽሩ ግን ያው ግንባሩ ላይ ነው። ጠብታውን መቁጠር ጀመረ። ስምንት ላይ ውሃው ሰማያዊ ነው። አሥር፣ ሰማያዊ። አሥራ አራት ላይ ቢጫ ሆነ። “ሂልኬ፣ ይሄ ውሃ ነው ወይስ የግድግዳ ኖራ?” ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ፣ እንባዬ መጣ። ሳቁን አቁሞ የሞተችው የትኛዋ እንደሆነች ጠየቀኝ። እንባዬን ስጠርግ አይቶ ገባው። ጠርሙሱን ከደነና፣ አሁን ቤትሽ ሂጂ፣ በየሁለት ቀኑ አሥር ሊትር ብቻ ቀይሪ፣ ቸኩለሽ በአንዴ ካወረድሽው የተረፉትንም ትገድያቸዋለሽ አለኝ። ውሃሽ ስምንት ላይ ገብቶ ሦስት ሳምንት ከረጋልሽ እኔ ጋ ትመጫለሽ አለ። ለምን እንደምመጣ አልነገረኝም።

ሰባት ሳምንት ፈጀ። ባልዲ ስሸከም ወገቤ ተቆረጠ፤ ትያርክም ሳላዘው የጨዉን ከረጢት መሸከም ጀመረ፣ ድንጋይ ቀላቢ ሆነሃል ስለው ሌላ ከረጢት አነሳ። ካርቦኔቱ ስምንት ላይ ቆመ፣ ካልሲየሙም ማግኒዚየሙም ልካቸውን ያዙ። ኦገስት መጨረሻ ላይ ኤኖ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ጌሼ ከፈተችልኝ፣ ሳሎን ገባሁ፣ እዚያም ሰማያዊዋ አለች።

ወንድሜ፣ እውነቴን ነው የምልህ። ከመጣላታችሁ በፊት አንተ ከሷ ቆርጠህ በእጅህ የሰጠኸው ዝንጣፊ፣ “ያኔውኑ ቆሻሻ ውስጥ ጥሎታል” ስትል የኖርክበት፣ በገንዳው መሃል ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ የምታክል ሆና ተዘርግታለች። ካንተ ገንዳ የበለጠ ብርሃን የሚያገኘውን ቦታ ሰጥቷታል። ቆሜ ቀረሁ። ምነው ሳትጥላት ቀረህ ብዬ ጠየቅኩት፤ ጥያቄዬ ሞኝነት ነበር።

“ወንድምሽን ብጣላው፣ ኮራሉ ምን አደረገኝ?” አለኝ።

ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ፒንሳውን ይዞ ገባና የመዳፍ ርዝመት ያለው ቅርንጫፍ ቀጭ አደረገ። ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ አንዱ ቢሞትብሽ ብሎ ሁለተኛ ጨመረ። በያዝኩት ጠርሙስ ከትቼ ልሄድ ስል ተቀመጪ አለኝ። ሁለቱንም ነጭ ሳህን ውስጥ በመድኃኒት ውሃ ነከራቸው፣ በሰዓቱ አሥር ደቂቃ ጠበቀ፣ አወዛወዛቸው፣ አጉሊ መነጽሩን ሰጥቶኝ ሳህኑን እንዳየው አደረገኝ። ምንም የለም። ውሃውን ቀይሮ ደገመው፣ ሠለሰው። ጌሼንም ጠርቶ አሳያት። “ለፎልከርት ጻፊለት” አለ፤ “ሦስት ጊዜ ታጥቧል፣ በዓይንሽ አይተሻል፣ አንድ ትል የለበትም።” ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ሆዱ ውስጥ ምን እንደተቀመጠ ገባኝ፣ ስላንተም ስለ ራሴም አፈርኩ።

ልሰናበት ብድግ ብዬ አመሰ... ከማለቴ እጁን አነሳ። “አፍሽን ያዢ። ይቺንም ልትገድያት ነው?” እንዲያው ረስቼው ነበር። ለዝንጣፊ አይመሰገንም፤ ካመሰገኑበት አይጸድቅም። አባታችንም ከጎረቤት ጣት የምታክል የአበባ ቅንጣቢ እንኳ ሲቀበል አፉን ገጥሞ ነበር የሚወጣው። ሁላችንም ፀጉራችን ሸብቶ አሁንም ማመስገኑን እንፈራለን። ስለዚህ ምንም ሳልል፣ ጌሼን ብቻ ስሜ፣ ጠርሙሱን ካፖርቴ ውስጥ ሸጉጬ ወጣሁ።

ሁለቱንም መጀመሪያ ብርሃኑ ከማይበረታበት ከታች፣ አሸዋው ዳር አሳረፍኳቸው። በየሳምንቱ በጣት በጣት ከፍ አደረግኳቸው። አንዷ ቀለሟ ገርጥቶ አስደንግጣኝ ነበር፣ ተመለሰች። ትልቋን አሮጌዋ በነበረችበት ድንጋይ ላይ አጣብቄያታለሁ፤ የአሮጌዋን አጥንት ግን አልጣልኩትም፣ መስኮቱ ላይ አለ። አሁን ጠብታውን በሁለት ጠርሙስ እለካለሁ፣ የተከፈቱበትንም ቀን ጽፌባቸዋለሁ። ኤኖ በዚህም አልረካም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የራሱን ጠብታ በኪሱ ይዞ ይመጣል፣ በአንቺ ቆጠራ አላምንም ይላል፣ ከዚያ ከትያርክ ጋር ሻይ እየጠጡ ስለ ወደቡ ሲነታረኩ ይውላሉ። ቤቴ ድምቅ ብሎልኛል። ደስ ብሎኛል ወንድሜ፣ ለብዙ ጊዜ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ትናንት ጠዋት ጎንበስ ብዬ ሳይ የትልቋ እግር ድንጋዩ ላይ እንደቀለጠ ሰም ተዘርግቶ ይዟል። ጫፏም ነጭ ሆኗል። ነጭ ሳይ ሮጬ ለካሁ። በሁለቱም ጠርሙስ ስምንት። ኤኖም መጥቶ በራሱ ለካ፣ ስምንት። ይሄኛው እድገት ነው አለ።

ለሂሜና ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ የላከችውን የሱፍ ሹራብ ትያርክ ከላዬ አላወልቅም ብሏል። ማይቴን ግንባሯን ሳምልኝ፣ ለገና ስትመጡ ዓሣዎቹን የምትመግበው እሷ ናት። ዶኛ ሮሳልባን እጅ ንሣልኝ። ትያርክ በጣም ይናፍቅሃል፣ አይልህም እንጂ። ጌሼም ሰላም ብላሃለች። ኤኖ ሰላም በይልኝ አላለም፤ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ መሆኔን ስነግረው ግን ስልክ ቁጥሩ እንዳልተለወጠ ነገረኝ።

ደውልለት ወንድሜ። ስለ ትሉ ይቅርታ ጠይቀው። ስለ ሰማያዊዋ ግን አደራህን፣ አንዲት የምስጋና ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ፤ ገና ድንጋዩን እየያዘች ነው።

እህትህ ሂልኬ
ሌር፣ ኦክቶበር 15 ቀን 2023