ጆንያ የማይሞላ ቤት

ለሰፈራችን የቆሻሻ አሰባሰብ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሽታ በማይደርስበት ቢሮዎ በሙሉ ጤንነት ያገኝዎት ዘንድ እመኛለሁ። እኔ ከቁስቋም ማርያም በታች የምኖር፣ ፊደል በሃምሳ ዓመቴ የቆጠርሁ ሴት ነኝ። በቤቴ በር ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ ማንም ሳያነብልኝ ራሴ በማንበቤ ኮርቻለሁ፤ የሚያነብልኝ ሰውም አልነበረም።

አንደኛ፣ የድሮው የቆሻሻ መጣያ ስለተዘጋና አዲሱ ሩቅ ስለሆነ፣ መኪናው ከእንግዲህ የሚያነሳው ሞልቶ በር ላይ የተቀመጠ ጆንያ ብቻ መሆኑን ስላሳወቁን አመሰግናለሁ። የሚበሰብሰው ለብቻ፣ የማይበሰብሰው ለብቻ መባሉም ተገቢ ነው። ሁለቱንም ጆንያዎች ዘርግቻለሁ። በአንዱ የድንች ልጣጭ፣ በሌላው ባዶ የዘይት ጀሪካን ከተኙ ሰንብተዋል። ባሌ አርፏል፤ ጎረቤቶቼ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ አንድ አፍ ስንት ይጥላል?

ሁለተኛ፣ ላመለክት ቢሮዎ ድረስ ብመጣ፣ ከቤተሰቤ ጋር ሆኜ እንድሞላው ስለመከሩኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ቤተሰብ የሚታደልበትን መስኮት ግን ስላላሳዩኝ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ።

ሦስተኛው የሠርካዲስ ነገር ነው። ቀድሞ በየሳምንቱ ቆሻሻ የምትሰበስብልን ልጅ እሷ ነበረች። በሩን በመዳፏ ትደበድብና «እማማ ይፍቱ፣ አሉ?» ትላለች። «የት ልሄድ ብለሽ ነው?» እላታለሁ። «ይቺን ነው ቆሻሻ የሚሏት? እንደ ወፍ ነው እንዴ የሚበሉት?» ብላ ትስቃለች፤ ጉልበቴ እንዴት እንዳደረ ትጠይቀኛለች፤ ትሄዳለች። ከእሷ ሌላ በሬን የሚያንኳኳ ሰው የለኝም። እርስዎ ግን ጆንያ የማይሞላ ቤት ማንኳኳት ጊዜ ማባከን መሆኑን በጥናት ደርሰውበታል።

ጥፋቴን ላርም ብዬ ከባለሱቁ ከፈድሉ ዘንድ ሄጄ ባዶ ካርቶን ለመንሁ። «እማማ፣ ሰው ቆሻሻ ይጥላል እንጂ ይለምናል እንዴ?» አለኝ፤ ቢሆንም ሰጠኝ። ጆንያዬ ሞላ። ጎትቼ በር ላይ አወጣሁት፤ የታጠበ ነጠላ ለብሼ ከበሩ ጀርባ ተቀምጬ ጠበቅሁ። መኪናው መጣ፤ ጆንያው ተወረወረ፤ መኪናው ሄደ። የተጣራ ሰው አልነበረም። አሠራርዎ እንከን አይወጣለትም።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ነው። ቆሻሻዬ ይቅር፣ አይውሰዱልኝ፤ ሠርካዲስ ግን በሳምንት አንድ ቀን ታንኳኳ። ማንኳኳት ነዳጅ አይፈጅም።

ማስታወቂያዎን ሌላ የምታነበው ስለሌላት ደጋግማ የምታነብልዎ፣ ለክብርዎ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣

ይፍቱሥራ
ጉለሌ፣ ቁስቋም

ሳልረሳው፦ አንድ ቀን አልጋዬ ላይ እንደተኛሁ ብቀር፣ መጀመሪያ የሚያውቀው ሽታው የደረሰው መንገደኛ ነው። ያን ጊዜ ሠራተኞችዎ እንዳይሳሳቱ፣ የሚበሰብሰው የሚጣልበትን ጆንያ ከአልጋዬ አጠገብ አስቀምጫለሁ። ደስ ይበልዎ፤ ያን ቀን ይሞላል።