ከአማርኛ ወደ አማርኛ

አንተ አፈ ጮሌ፣

ደስ ይበልህ፤ ጓደኛህ ትናንት እዚህ ሰው አገር፣ በመግቢያ ፈቃድ ቢሮ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ አስተርጓሚ ሆኖ ተሾመ። ከፊቴ የነበሩት እናት ልጃቸውን ሐኪም ቤት ምጥ ይዟታል። ማኅተም የሚመታው ሸበቶ ሹም የእኛው ሰው ነው፤ ደንቡ ግን «አማርኛ ተናጋሪ በአስተርጓሚ ይቅረብ» ይላልና እኔን ጠቆመኝ።

«ኧረ እኔ ያገሩን ቋንቋ አላውቅም!» ብዬ ብነግረው፣ «ደንቡ አስተርጓሚ ይኑር እንጂ ቋንቋ ይወቅ አይልም» አለኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። «በል፣ ለምን መጡ በላቸው።»

«እማማ፣ ለምን መጡ?»

«ሰምቼዋለሁ እኮ! ልጄ ብቻዋን እያማጠች ነው በለው።»

ሹሙ እንባው ዓይኑ ላይ ደርሶ፣ እኔ እስክደግምለት ጠበቀ። ደገምኩለት፤ አለቀሰ፤ ማኅተሙን መታ። እኛ አገር ባንድ ቋንቋ ለመደናቆር አስተርጓሚ አንፈልግም፣ ራሳችንን ችለናል።

እማማ «እደግ፣ ተመንደግ!» ብለው መረቁት። አሁንም አፉን ከፍቶ እኔን ያያል። ምን ላድርግ፣ አባቴ የሚሆነውን ሰው «እደግ፣ ተመንደግ» አልኩት። «አሜን!» አለ፤ እማማም ወደ ልጃቸው በረሩ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። የእናትህን ጉልበት ሳምና ናፍቀውኛል በልልኝ። እንግዲህ አንተም ተሾምክ።