ጆሯቸውን እንዳትነኩ

ጅዳ፣ የካቲት 1989 ዓ.ም.
ለፈንታው፣ መካነ ሰላም

ፈንቴ፣ በጥድፊያ ነው የምጽፍልህ። ዛሬ አብረውኝ ከመጡት የንግድ ቢሮ ሰዎች ጋር ወደብ ወርደን ከመርከብ በግ ሲራገፍ አየን። እንደ ወረኢሉ ገበያ ላት ጨብጦ፣ ወገብ ዳብሶ የሚገዛ የለም። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ የእያንዳንዱን በግ ጆሮ በጣቱ እየዳሰሰ ጆሮው የተቆረጠውን ሁሉ ወደ ዳር ገፋው። አስተርጓሚያችንን ብጠይቀው፣ «ለዐረፋ የሚታረድ በግ አካሉ ሙሉ መሆን አለበት» አለኝ። ክው አልኩ! መንግሥት ወደ ዓረብ አገር ላኩ ሲለን ለሥጋ ቤት መስሎን፣ ጎረቤታችንን አብዱራህማንን እንኳ አልጠየቅነውም። እናንተ ደግሞ ለመላክ የሰበሰባችኋቸውን በጎች የማን እንደሆኑ ለመለየት፣ እንደ ልማዳችን የጆሯቸውን ጫፍ ልትቆርጡ ነው። ምናልባትም ቆርጣችሁ ይሆናል። የበግ ማኅበራችን ሰው የእርሻ በሬውን ሸጦ የገዛቸው ናቸው፤ አንቀበልም ቢሉን ምን ይውጠናል? ስልኩም አልገባ አለኝ። በቀለም ምልክት አድርጉባቸው፣ በማርያም!

ወረቀቱ አለቀብኝ። ሥርጉትን፣ ልጆቹን፣ አባ ወልደ ገብርኤልንም ሰላም በልልኝ። ሰላምታውን ግን ኋላ ታደርሰዋለህ፤ መጀመሪያ ወደ በረቱ ሩጥ።

ወንድማገኘሁ