እህቴ በአካል እስክትቀርብ ለሚጠብቀው ለሺራናሚ ቴሌኮም

ለሺራናሚ ቴሌኮም ክቡር ፕሬዚዳንት፣
ግልባጭ፦ ለታካኦካ ጣቢያ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

የጣሪያው በረዶ እየተናደ በሚወርድበት፣ የጎረቤታችንም የፕለም ዛፍ ማበብ በጀመረበት በዚህ ወቅት፣ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ በፍጹም ጤንነት እንደምትገኙ፣ ድርጅትዎም ከዕለት ወደ ዕለት እየበለጸገ እንደሚሄድ ያለኝን እምነት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኛ ቤት ጤናው እንደምንም ነው። ይህን የምጽፈው ስለጠየቁን ሳይሆን በደብዳቤ መግቢያ ላይ መባል ያለበት ነገር ስለሆነ ነው።

ኬይጎ ኢሶጋይ እባላለሁ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከዚህ ቀደም ለድርጅትዎ በግል ስጽፍ እጅግ ያማሩ የይቅርታ መልሶች ደርሰውኛል። የሚቀጥለውንም ይቅርታ ብቻዬን ማንበቡ ስስት መስሎ ስለታየኝ ይህ ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ በአንባቢያን ገጽ እንዲወጣ ለምኛለሁ።

ጉዳዩ አጭር ነው። እህቴ ካናኤ ባለፈው ኅዳር በደም ካንሰር አረፈች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። የአባቴ ፋብሪካ ደግሞ ከሚያዝያ ጀምሮ ወደ ማሌዥያ፣ ወደ ፔናንግ አዛውሮታል። የዝውውር ትእዛዝ «እሺ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለውምና ዕቃችንን እያሸግን ነው። የእህቴ የነበረው ስልክ ከእናንተ ካርድ በቀር ሌላ ሲም ካርድ እንዳይቀበል ተቆልፏል። ከመሄዳችን በፊት ይህ ቁልፍ እንዲከፈትልኝ እለምናለሁ፤ ሌላ ልመና የለኝም። የእኔም መስመር የእናንተው ስለሆነ በእኔ ሲም ስልኩ ዛሬ ይሠራል። ፔናንግ ደርሼ የዚያን አገር ሲም ሳስገባበት ግን በቤት ዋይፋይ ብቻ የሚተነፍስ፣ ደጅ ሲወጣ የሚሞት ዕቃ ይሆናል። እህቴ የመጨረሻውን ዓመቷን ከአንድ ክፍል ሳትወጣ አሳልፋለች፤ ስልኳ እንኳ ይውጣ ማለቴ ድፍረት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።

አዲስ ስልክ ለምን አይገዛም ብለው ያስቡ ይሆናል። ቅርንጫፍዎም እንዲሁ አስቦ ባለቀለም ማስታወቂያ ሰጥቶኛል፤ ስለ ወረቀቱ ጥራት አመሰግናለሁ።

ካረፈች በአርባ ዘጠነኛው ቀን፣ የመነኩሴው ጸሎት ካበቃ በኋላ፣ የካናኤ ዕቃ ለመታሰቢያ ተከፋፈለ። አያቴ ፉሚ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። «የሙት ዕቃ ሣጥን ውስጥ ከገባ ባለቤቱ ሁለተኛ ይሞታል፤ ሁላችሁም የደረሳችሁን ተጠቀሙበት» አለችን። እናቴ የሱፍ ሻርፑን ወሰደች። አባቴ የምሳ ዕቃዋ ደረሰው። ሮዝ ነው፤ ክዳኑ ላይ ጥንቸል አለበት። የአሉሚኒየም ፋብሪካ ፎርማን የሆነው አባቴ ዛሬም በየቀኑ ከሠራተኞቹ ፊት እሱን ከፍቶ ሩዙን ይበላል፤ እስካሁን የሳቀበት ሰው የለም። ለእኔ ስልኩ ደረሰኝ።

ካናኤ ለዓመታት ስትጽፍበት ስለኖረች ስልኩ ቃላቷን ለምዷል። እኔ አንድ ቃል ስጀምር የሚቀጥለውን እሷ ትሰጠኛለች። «እየመጣሁ ነው» ብዬ ስጽፍ «ፑዲንግ አለ?» የሚል ይከተላል። «ዛሬ» ስል «መርፌው ምንም አላመመኝም» ይለኛል፤ ከሆስፒታል ለእናታችን ስትልከው የነበረ ውሸት ነው። ለሒሳብ አስተማሪዬ «ይቅርታ» ብዬ ስጀምር «አንተ ዝንጀሮ» የሚል ሐሳብ ያቀርብልኛል፤ ይህኛው የእኔ ድርሻ ነበር። ሌላ ስልክ ላይ የሚጠብቀኝ የማንም ያልሆነ ቃል ነው። ማስታወቂያው ላይ ስለ ካሜራው ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን ምንም አላገኘሁም።

እንግዲህ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ አባቴን ስላስተናገዳችሁበት ጨዋነት አመሰግናለሁ። ቀብሩ ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጥቁር ሱፉን እንደገና ለብሶ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የጣፋጭ ሣጥን ይዞ ወደ ቅርንጫፋችሁ ሄደ። የሄደው የልጁን መሞት ለማሳወቅና ውሏን ሳትጨርስ በማቋረጧ ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። በትክክል አንብበዋል፤ ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው። ሠራተኞቻችሁ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ነሡ፣ ሣጥኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ መስመሩንም ዘጉት። መስመሩ ለቤተሰብ ሊዛወር እንደሚችል፣ ከተዘጋ በኋላም የቀፎው ቁልፍ ያለ እሷ የሚከፈትበት መንገድ እንደማይኖር በዚያ ሁሉ እጅ መንሣት መካከል ማንም አልነገረውም። ጣፋጩ እንደጣፈጣችሁ ተስፋ አለኝ፤ ከከተማችን ጥሩ ሱቅ የተገዛ ነበር።

የዝውውሩ ትእዛዝ ደርሶን ከአባቴ ጋር ተመልሰን ስንመጣ ያስተናገደችን ወይዘሪት ኦኩዳ የተባለች ወጣት ናት። ዙሪያዋን ካየች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መሞቷን ባትናገሩ ኖሮ እኮ በእሷ የይለፍ ቃል ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ትከፍቱት ነበር» አለችን። ይህችን ልጅ አልከስም፤ ከድርጅትዎ እውነት የነገረችን እሷ ብቻ ናት፤ እሱንም በሹክሹክታ ነው። አባቴ በትራም ስንመለስ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ቆየና፣ ማንንም ሳያይ፣ «ሳልነግራቸውማ እንዴት ይሆናል?» አለ። እርስዎ ብልህ ሰው ነዎትና መልሱን ይላኩለት።

፪. ስለ ደንባችሁ ግልጽነትም አመሰግናለሁ። ቁልፉ እንዲከፈት ቀፎውን የገዛችው ደንበኛ በአካል መቅረብ አለባት። በአካል መቅረብ ካልተመቻት በገዛ እጇ የጻፈችውና የግል ማኅተሟ ያረፈበት ውክልና ይበቃል። እንዴት ያለ ርኅራኄ ነው። የሞቷን ማስረጃ ስናሳያቸው ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ወጥተው፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ ካነበቡ በኋላ፣ ማስረጃው መሞቷን እንጂ መፍቀዷን እንደማያሳይ በትሕትና አስረዱን። ሐኪሙ ይህን ሳይጠይቃት በመቅረቱ በቤተሰባችን ስም አዝናለሁ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስልኩ ከሌባ እጅ እንዳይገባ መሆኑም ተነግሮኛል። ከእኔ እጅ ማለታችሁ ነው።

፫. በዚህኛው ላይ ጨዋነት ካጠረኝ ይታገሡኝ።

ቅርንጫፉ ለዋናው መሥሪያ ቤት ደውሉ ስላለን እናቴ ደወለች። ወጥ ቤት ውስጥ ሳህኖችን በጋዜጣ እየጠቀለልን ነበር። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ በመጠበቂያ ሙዚቃችሁ እየታጀበች ብዙ ሳህን ጠቀለለች። በመጨረሻ አንድ ትሑት ወጣት አነሣ። ስለ ልጄ ስልክ ነው አለችው፤ ከባዱን ቃል ገና ሳትደርስበት የልጅቷን ስምና የትውልድ ቀን ጠየቃት፤ ነገረችው። «አመሰግናለሁ እመቤቴ፤ ለማረጋገጥ ያህል የስልኩን ባለቤት ለአንድ አፍታ ያቀርቡልኛል?» አላት።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ ስታነሣ የኖረች ሴት ናት። አንድ ሰው በስልክ ተፈልጎ ሲታጣ ምን እንደሚባል አፏ ለምዶታል፤ እሷን ሳይጠብቅ ይናገራል። «ይቅርታ ያድርጉልን፣ አሁን ወጣ ብላለች» አለችው።

«ችግር የለም» አለ ወጣቱ። «መቼ ነው የሚመለሱት?»

እናቴ መልሱን ፍለጋ ወደ በሩ ዞር አለች። እውነቴን ነው የምልዎት፣ ክቡር ሆይ፣ ወደ ውጭው በር ነው ያየችው፤ ጫማዎቻችን ወደሚቀመጡበት። ወጣቱ «ሃሎ፣ ይሰሙኛል?» ሲል እኔ ተነሥቼ ስልኩን ዘጋሁት። እናቴ የጠቀለለችውን ሳህን ፈታ እንደገና ጠቀለለችው፤ ደግማም ፈታችው። ሳህኑን ከእጇ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ወጣቱ ያደረገው የታዘዘውን ነው፤ ያዘዘው ማን እንደሆነ ግን ለማወቅ እፈልጋለሁ፤ ለትምህርት ቤት ጥናት ሳይሆን ለራሴ።

፬. በመጨረሻም መዝገባችሁ የሰማውን እንደማይረሳ ስላስተማራችሁኝ ባለዕዳችሁ ነኝ። እንደገና ብቻዬን ወደ ቅርንጫፉ ስሄድ ወይዘሪት ኦኩዳ ኮምፒውተሯን ስታነብ ፊቷ ተለወጠ። እህቴ በሞት ምክንያት ውሏ የተዘጋ ደንበኛ ናት። ከዚያው ሥር ደግሞ ለጊዜው ወጥታለች፤ ስትመለስ ጥያቄዋን በአካል ትቀጥላለች ይላል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ እንደማይችሉ ነገርኳት። «ሲስተሙ ነው» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ፣ «ወንድሜ፣ እኔ ብችል ኖሮ አሁኑኑ እከፍትልህ ነበር» አለችኝ። ጥያቄው በደንበኛዋ መመለስ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ሌላ ሰው ሊነካው አይችልም ማለት ነው።

ይህንኑ ጽፌ ስልክላችሁ ያማረው መልሳችሁ መጣ። ስለደረሰብኝ መጉላላት በጥልቅ ታዝናላችሁ፤ ደንበኛችሁም በተመለሱ ጊዜ በማንኛውም ቅርንጫፍ በደስታ ልታስተናግዷቸው ዝግጁ ናችሁ። ደብዳቤውን አያቴ እንድታየው ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፤ ከዚያ አጥፋ መለሰችልኝና፣ «እነዚህ ሰዎች ቤታቸው ሰው ሞቶ አያውቅም እንዴ?» አለች። ጥያቄው ለእኔ ስላልነበረ ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ደንብ የሚያወጣ ሰው ከባድ ሥራ እንዳለበት አውቃለሁ፤ በክፍላችን የጽዳት ተራ የማወጣው እኔ ነኝ። አንድ ልጅ ሲታመም ስሙን እሰርዝና ሌላ ሰው አስገባለሁ፤ ታማሚው መጥቶ ስሙን በገዛ እጁ እስኪሰርዝ አልጠብቅም፤ ወለሉ ይቆሽሻላ። ድርጅትዎ ከእኔ ክፍል በጥቂቱ ስለሚበልጥ ይህን ያህል ፍጥነት አልጠብቅበትም። ሰው እንደሚሞት ግን ከእኛ በፊት ሊያውቅ ይገባው ነበር፤ ከእኛ የበለጠ ብዙ ደንበኛ አለውና።

በሚቀጥለው ሐሙስ እንበራለን። ቁልፉ ቢከፈትም ባይከፈትም ስልኩ ኪሴ ውስጥ ይሆናል። ካልተከፈተ ፔናንግ ላይ ሁለት ስልክ የሚይዝ ልጅ እሆናለሁ፤ አንደኛው የሚሠራ፣ ሁለተኛው የእህቴ። ሁለት ስልክ የያዘ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ በሚሠራው ብቻ እንደሚጽፍ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ፤ መጀመሪያ በሳምንት አንዴ አወጣዋለሁ፣ ከዚያ ባትሪው ያልቃል፣ ከዚያ ሣጥን ውስጥ ይገባል። የሚያናድደኝ ይህ ነው። ደንባችሁን አይደለም የምፈራው፤ ራሴን ነው፤ እናንተ ደግሞ ከደንባችሁ ጋር አብራችሁ በዚያ በኩል እየገፋችሁኝ ነው።

ከእህቴ ጋር በአካል መገናኘት የግድ ከሆነ እሷ ወደ እናንተ መምጣት ስለማይሆንላት እናንተ ሂዱ። ትራሙን እስከ መጨረሻው ፌርማታ ተሳፍራችሁ ከቤተ መቅደሱ በስተጀርባ ያለውን ዳገት ውጡ፤ የኢሶጋይ ቤተሰብ የመቃብር ድንጋይ ከቀርከሃው አጥር ሥር ነው። አያቴ ከእኛ ጋር ስለማትሄድ እሑድ እሑድ እዚያ ስትጠርግ ታገኟታላችሁ። ቅጹን ይዛችሁ ሂዱ፤ እስክሪብቶም አትርሱ።

የአየሩ ጠባይ ገና ያልጨከነ ያልራራ ስለሆነ ለጤናዎ እንዲጠነቀቁ በትሕትና እያሳሰብኩ፣ እጅግ ውድ ከሆነው ጊዜዎ ስላጠፋሁብዎ አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በቤታችን ይቅርታ የመጠየቅ ተራ ምንጊዜም የእኛ ነውና።

የእርስዎ ታማኝ ደንበኛ፣ እስከ ሐሙስ ድረስ፣
ኬይጎ ኢሶጋይ
የካናኤ ወንድም

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ወደ ፖስታው ሳስገባ በስልኩ ላይ፣ እህቴ በስሟ ከጫነችው የድርጅትዎ መተግበሪያ፣ መልእክት መጣ። «ውድ ካናኤ፣ እንኳን ለሃያ ሁለተኛ ዓመት የልደት በዓልዎ አደረሰዎ! ስጦታ አዘጋጅተንልዎታል። ወደ ቅርንጫፋችን መምጣት፣ ማንነትዎንም ማረጋገጥ አያስፈልግዎትም፤ እዚህ ላይ ብቻ ይጫኑ» ይላል። ተጫንኩት። ስጦታው ከእናንተ አዲስ ስልክ ለሚገዛ ሰው የሚሰጥ ቅናሽ ነው። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ እህቴን ማግኘት አቅቷችሁ አይደለም፤ ልትሸጡላት ስትፈልጉ ያለችበት ድረስ ትሄዳላችሁ።