የእናቴ አገጭ ከበርዎ ላይ ይውረድልኝ

ለተከበሩት የአረጋውያን ማገገሚያ ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ የተስተካከለ፣ ጉልበትዎ የጸና፣ የጠዋት ሻይዎም ሳይበርድ የሚደርስልዎ እንዲሆን ምኞቴ ነው። እኔ ደህና ነኝ ብል ውሸት ስለሚሆንብኝ ስለ ራሴ ባልናገር ይቅር ይበሉኝ። እናቴ ግን ከእርስዎ ቤት ከወጣች ወዲህ ምንም አያማትም፤ ባለፈው ወር ቀብረናታል።

ምናልባት ማን እንደሆንኩ ለማስታወስ ይቸገሩ ይሆናልና ላስተዋውቅዎ። በሴቶች ክፍል በመስኮቱ ጥግ ተኝታ የነበረችው፣ ዳሌዋ ተሰብሮ ወደ እናንተ የመጣችው የስልክ ቤት ጡረተኛ ሴት ልጇ ነኝ። እርስዎ ዘንድ የምትታወቀው «የማትናገረዋ» በሚለው ስሟ ነው። ወላጆቿ ያወጡላት ሌላ ስም ነበራት፤ ይሁንና በስተርጅና አዲስ ስም ስለሰጣችኋት በእሷ ፋንታ አመሰግናለሁ።

ይህን ደብዳቤ ከበርዎ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ለአንዲት ጉዳይ ብቻ ነው። በመግቢያው በር ላይ በተሰቀለው ትልቅ ሸራ ላይ እናቴ አንገቷን ወደ ኋላ ደግፋ፣ አገጯ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ፣ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ሲያሳርፍባት ትታያለች። ከሥሩም በሚያምር የእጅ ጽሕፈት «እንደ ቤተሰብ እንንከባከባለን» ይላል። ይህ ፎቶግራፍ እንዲወርድልኝ ነው የምለምንዎ። በአካል ቀርቤ በለመንኩ ጊዜ እርስዎ «እናስብበታለን» ያሉኝ ሲሆን፣ ጸሐፊዎ ደግሞ ሲሸኙኝ «በጽሑፍ ቢያቀርቡት ይሻላል» ብለውኛል። እነሆ በጽሑፍ አቀረብኩ። እግረ መንገዴንም ያላደረስኳቸውን ምስጋናዎቼን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ስለ ዕቃ ቁጥጥርዎ ጥንቃቄ።

እናቴ ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ አገጯና የላይኛው ከንፈሯ ላይ ወፈር ያለ ጥቁር ፀጉር ያበቅልባት ጀመር። በብዙ ሴቶች ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ እሷ ግን ሰው እንዲያይባት አትፈልግም ነበር። መጀመሪያ በወረንጦ ትለቅመው ነበር። ዓይኗ ሲደክም ወረንጦው ፀጉሩን እየሳተ ቆዳዋን ስለሚቆነጥጣት፣ ኤፒሌተር የሚሉትን፣ ፀጉርን ከነሥሩ የሚነቅለውን የእጅ ማሽን ልንገዛ አብረን ሄድን። ሻጩ ጭንቅላቱ ሰፊ የሆነውን፣ ለእግር የሚሠራውን፣ ያውም ባለ ብዙ ወረንጦውን ሲያሞጋግስላት ቆየ። እሷም አዳምጣ ስታበቃ «ልጄ፣ እኔ የማጸዳው አገጬን ነው እንጂ እርሻ አይደለም» ብላ ሱቁን በሙሉ አሳቀችው። መርጣ የገዛችው ጭንቅላቷ ጠባብ፣ ለፊት ተብላ የተሠራች፣ ገመድ ሳይሰካባት በቻርጅ የምትሠራ፣ ከፊቷ ትንሽ መብራት ያላት ነጭ ማሽን ነበረች። መብራቷን ከሁሉ ወደደችው።

አጠቃቀሟንም ከእሷ ተማርኩ። ፊቷን ለብ ባለ ውሃ ታጥባ በደንብ ታደርቃለች፤ በግራ እጇ ቆዳዋን ወጠር ታደርጋለች፤ ከዚያ ማሽኗን ሳትጫን፣ ፀጉሩ ከተኛበት አቅጣጫ በተቃራኒ ቀስ እያለች ትነዳታለች። ስትጨርስ በትንሿ ብሩሽ ጠርጋ፣ በአልኮል ወልውላ፣ ከረጢቷ ውስጥ ትመልሳታለች። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ያማት ነበር። ለምን እንደማትተወው ስጠይቃት «ሲነቅለኝ ለቅጽበት ነው የሚያመኝ፤ ሰው ሲያይብኝ ግን ቀኑን ሙሉ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጠይቄያት አላውቅም።

እናቴ ወደ እናንተ በገባችበት ቀን የዕቃ ክፍል ሠራተኛዎ ማሽኗን «ኤሌክትሪክ ነክ» ብለው ያዟት። ገመድ እንደሌላት ባስረዳቸው «የሚሽከረከር ስለት» አሏት። ስለት እንደሌላት ከፍቼ ባሳያቸው ደግሞ «የውበት ዕቃ ናት፤ እዚህ የሚመጣው ለመዳን እንጂ ለመቆነጃጀት አይደለም» ተባልኩ። መዳፍ የማትሞላ ማሽን በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ተከስሳ ሦስት ጊዜ ተፈረደባት። በእናቴ ራስጌ ባለው ሶኬት ላይ የተረኛዋ ነርስ የስልክ ቻርጀር ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ይውል እንደነበር አይቻለሁ፤ እሱ ግን ከሕክምና መሣሪያዎች ጋር የሚቆጠር ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ስለ እኩልነት።

በቤትዎ ወንድና ሴት እኩል መሆናቸውን እናቴ በአገጯ አረጋግጣለች። ረቡዕ ረቡዕ ወንዶቹን የሚላጨው ፀጉር አስተካካይ ሲመጣ፣ ከሠራተኞችዎ አንዷ የእናቴን አገጭ አየችና አዘነችላት፤ በዊልቸር ገፍታም ከወንዶቹ ሰልፍ መጨረሻ አቆመቻት። እናቴ «ተዪኝ፣ እኔ የራሴ አለኝ» ብላለች። ይህን ያወቅሁት ከራሷ አይደለም፤ ፀጉር አስተካካዩ ነው በኋላ የነገረኝ። «እማማ፣ አንድ ጊዜ ነው፣ እንዳይነቃነቁ ብቻ» ብዬ ላጨኋቸው አለኝ፤ ሲነግረኝ መሬት መሬት ያይ ነበር። እሱን አልወቅሰውም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው።

ምላጭ የሚቆርጠው ከላይ ነውና ሥሩ የቀረው ፀጉር በማግሥቱ ቆዳዋን እየወጋ ይወጣ ጀመር። በእጇ በዳበሰችው ቁጥር ይሻክራታል። በሳምንቱ ረቡዕ ይመጣል፣ እንደገና ትሰለፋለች። በወሩ እናቴ የወንድ ጺም ቀንበጥ ያላት ሴት ሆነች። ይህን ያደረገላት ተፈጥሮ ብቻ አልነበረም፤ የእናንተም ደግነት አለበት። ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ድረስ ስባ በሁለት እጇ መያዝ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ምርመራችሁ ፍጥነት።

ክብርት ሆይ፣ እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች። መልኳን አይተው የማያውቁ ሰዎች ድምጿን ያውቁታል። ቤት ውስጥም አፏ አያርፍም ነበር፤ ድስቱን ታዋራለች፣ ራዲዮኑን ትከራከራለች፣ ደውለው የተሳሳቱ ሰዎችን እንኳ ጤናቸውን ሳትጠይቅ አትዘጋም። በእናንተ ዘንድ ግን ለመናገር ሻርፑን ማውረድ አለባት፤ ሻርፑን ካወረደች ደግሞ ይታያል። ስለዚህ ራሷን በመነቅነቅ ብቻ መመለስ ጀመረች። ሐኪሙ በሩ ላይ ቆም ብሎ ሁለት ጥያቄ ጠይቆ ሁለት መነቅነቅ ካየ በኋላ ንግግሯም አእምሮዋም መሄዱ ተረጋገጠ። መስኮት ወደሌለው የመጨረሻው ክፍል ተዛወረች። «ትእዛዝ አትቀበልም» ተብሎ የእግር ልምምዷ ቆመ። ልምምዱ ሲቆም የዳሌዋ መዳን ቀረ፤ መዳኑ ሲቀር ወደ ቤቷ መመለሷም ቀረ።

ያን ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ እናቴ ያፈረች እንጂ የታመመች እንዳልሆነች፣ ማሽኗ ብትመለስላት እንደምትናገር ነግሬዎታለሁ። እርስዎም ፈገግ ብለው «ልጅ የእናቱን መድከም መቀበል ይከብደዋል» አሉኝ። ስለ ማጽናናትዎ አመሰግናለሁ።

በዚያው ሰሞን የሥራ ጓደኛዋ ልትጠይቃት መጣች። ስልክ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ያረጁ፣ እኔም አክስቴ የምላት ሴት ናት። ጉንጯን ልትስማት ጎንበስ ስትል እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጓደኛዋ ትንሽ ቆመች፣ ያመጣችውን ብርቱካን ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠች፣ ሄደች። ኮሪደሩ ላይ «ምን አስቀይሜያት ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ለማንም እንዳልናገር በዓይኗ ስትለምነኝ ስለኖረች እውነቱን አልነገርኳትም። አክስቴ ከዚያ ወዲያ አልመጣችም።

ቀጥሎ ያለውን ነገር አራተኛ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። እንዲሁ ልናገረው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያችኑ የመሰለች ማሽን ገዝቼ ከታጠቡ የሌሊት ልብሶች ሥር አስገባሁላት። መጋረጃውን ሳብኩ፣ ፊቷን ለብ ባለ ውሃ አጠብኩ፣ አደረቅሁ። አእምሮዋ የለም የተባለችው እናቴ የማሽኗን ድምፅ ስትሰማ እጇን አንስታ የአገጯን ቆዳ ራሷ ወጠር አድርጋ ያዘችልኝ። እጄ ሲፈጥን በዓይኗ ትገሥጸኝ ነበር። ስንጨርስ አገጯን ወዲህና ወዲያ ዳበሰችው። ሻርፑን አወረደች፣ በአራት አጠፈችው፣ ትራሷ ሥር አደረገችው። ከዚያ ያ የስልክ ቤት ድምጿ፣ ትንሽ ዝጎ፣ እንዲህ አለኝ፦ «ያችን ጥግ ላይ ያለችውን ሴትዮ ውሃ አጠጫት። ከጠዋት ጀምራ ስትጠይቅ ማንም አልሰማትም።»

ክብርት ሆይ፣ በዚያ ክፍል የሚሆነውን ሁሉ ትሰማ ነበር። የማን ልጅ እንደቀረ፣ የማን አንሶላ እንዳልተቀየረ፣ የትኛዋ ነርስ ደግ እንደሆነች ሁሉንም ነገረችኝ። አለቀስኩ፣ ሳቅሁም። ከዚያ ለጓደኛዋ ደውዪልኝ አለች። ደወልኩ፣ አልተነሳም። «ጥሪ ካየች ሳትመልስ አታድርም፣ አውቃታለሁ» ብላ ስልኬን ደረቷ ላይ አስቀመጠችው። ልክ ያን ጊዜ ተረኛዋ መጋረጃውን ገለጠች። እኔ ጅሏ «ተናገረች!» ብዬ የምሥራች ነገርኳት። እሷ ያየችው ማሽኗን ነበር።

ዘበኛው በትሕትና ስልኬን ከእናቴ ደረት ላይ አንስቶ ሰጠኝና በትሕትና አስወጣኝ። በሩ ኋላዬ ሲዘጋ ስልኩ ጮኸ። አክስቴ ነበረች፣ መልሳ ደውላ። እናቴ ግን ከግድግዳው ወዲያ ነበረች።

በማግሥቱ የደረሰኝ ውሳኔዎ «ሕመምተኛዋን በማወክ» ጉዳዩ እስኪጣራ እንዳልጠይቃት የሚል ነው። ማጣራቱ አላለቀም፤ እናቴ ቀድማው አለቀች። አስከሬኗን ሲያስረክቡኝ ሻርፑ እስከ አፍንጫዋ ተስቦ ነበር። ስለ ንግግሯ ምን እንደተጻፈ ስጠይቅም «እስከ መጨረሻው አልተናገረችም» አሉኝ። ያ እሑድ በእናንተ ዘንድ አልነበረም።

አምስተኛ፣ ስለ ፎቶግራፉ።

እናቴ ያለ ፈቃዷ ለምን ፎቶ እንደተነሣች ብጠይቅ ጸሐፊዎ «ጠይቀናቸው ነበር፣ አልተቃወሙም» ብለውኛል። አእምሮ የላትም ባላችኋት ወር ፈቃድ ለመስጠት የሚበቃ አእምሮ ስላገኛችሁላት እናመሰግናለን። አንድ ሕይወት ሙሉ የሸሸገችውን ነገር የዳቦ ሸማቹም፣ የታክሲ ጠባቂውም፣ የተማሪውም ዓይን በየቀኑ እያየው ያልፋል። ባለፈው ሳምንት አክስቴም በዚያ በር አለፈች። ሸራው ሥር ቆማ ደወለችልኝ። «ያን ቀን ፊቷን ያዞረችብኝ ለዚህ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እሷም «እኔ እኮ ልስማት ብቻ ነበር የመጣሁት» አለች።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው። ካሣ አልጠይቅም፣ ይቅርታም አልጠይቅም፤ ሁለቱም ለእናቴ አይደርሷትም። የምጠይቀው ሸራው እንዲወርድ ብቻ ነው። መሰላል ከቸገረ ይዤ እመጣለሁ፤ እናቴን እንዳልጠይቅ መከልከሌ እንዳልተነሣ ስለማውቅ ከበሩ ውጭ ሆኜ አወርደዋለሁ።

ለእናቴ በደግነት ያልነፈጋችሁት ነገር ቢኖር የመስኮት ብርሃን ነበር፣ እሱንም በኋላ ወሰዳችሁት፤ ለሁለቱም ጊዜ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣

በማይለዋወጥ አክብሮት፣
የማትናገረዋ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ፎቶግራፉ ልለምንዎ በመጣሁ ጠዋት ወንበር የሰጡኝ ከመስኮቱ ፊት ነበርና ከላይኛው ከንፈርዎና ከአገጭዎ ላይ ደቃቅ ቀያይ ነጠብጣቦች አየሁ። ኤፒሌተር የተወው ምልክት ነው፤ አልሳሳትም። ጠዋት ከመውጣትዎ በፊት ስለሚጠቀሙ ነው። ማታ ቢያደርጉትና ቀዝቃዛ ጨርቅ ቢያሳርፉበት እስኪነጋ ይከስማል። እናቴ ብትሆን ይህን በጆሮዎ ብቻ ነበር የምትነግርዎ። እኔ ሰው በሚያልፍበት ሰሌዳ ላይ መጻፌ ነውር ነው፤ አፍሬበታለሁ። የእናቴ ፎቶግራፍ በወረደ ሰዓት መጥቼ ይህችን አንቀጽ በእጄ ቀድጄ አነሣታለሁ፤ እስከዚያው ግን እርስዎና እናቴ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሆናችሁ ፊት ለፊት ትተያያላችሁ።